በመንገድ መብራት ዙሪያ ያለው ቀለበት

ይድረስ ለምወድህ አባቴ፣

እንዴት ሰነበትክልኝ? ጉልበትህስ እንዴት ነው፤ ደረጃ ስትወጣ አሁንም ቋ ቋ ይላል? ሳሉ ለቀቀህ? እትዬ፣ ባለቤቷና ልጆቹ ሁሉም ደህና ናቸው ወይ? እኔ ከናፍቆትህ በቀር ምንም አልሆንኩም። የአየር ጠባይ ጣቢያውም ደህና ነው። የነፋስ መለኪያው እንደ ልማዱ ሲያላዝን ሰንብቶ ትናንት ዘይት ሳጠጣው ዝም አለ። ዘበኛው በየጠዋቱ በሩን ሲከፍትልኝ «አባ ደመና መቼ ነው የሚመጡት?» ማለቱን አልተወም። ጡረታ ከወጣህ ወዲህ በዚህ ስም የሚጠራህ እሱ ብቻ እንደሆነ ብነግረው «እንግዲያው ስሙ እንዳይጠፋ እኔ ልጠብቀዋ፣ ዘበኛ አይደለሁ!» አለኝ። ምን ትለዋለህ?

ይህን ደብዳቤ እትዬ እንደምታነብልህ አውቃለሁ። ያለፈውንም እሷ ናት ያነበበችልህ። «መነጽሬ ጠፍቶብኝ ነው» ብለሃታል አሉ፤ መነጽሩ ደረት ኪስህ ውስጥ ተቀምጦ ይሰማህ ነበር። እትዬን ታውቃታለህ፤ አባዬ ይቆጣል ብላ የምትፈራበት ቦታ ስትደርስ ድምፅዋ ይቀጥናል፣ ወይም ሁለት መስመር ትዘላለች። እትዬ፣ እባክሽ እንዳትዘዪ። አባዬ፣ አንተም ድምፅዋ የቀጠነ ሲመስልህ «እንደገና» በላት።

ነገሬን ከአየሩ ልጀምር፤ በኛ ቤት ሌላ መጀመሪያ የለም። ዛሬ ሰማዩ ጥርት ያለ ሰማያዊ ነው። ከበረንዳው ሆኜ ሳያቸው የሩቆቹ ተራሮች ጫፋቸው በመቀስ የተቆረጠ ይመስላል። የመስታወት ኳስህ ጠዋት ፀሐይዋን እንዳገኘ ካርዱን መብላት ጀምሮ እስካሁን አላቆመም። እትዬ፣ አንቺ ሁልጊዜ ስለምትረሺው ልንገርሽ፤ ኳሱ የፀሐይን ብርሃን ሰብስቦ ከኋላው ያለውን ስስ ካርቶን ያቃጥላል፣ ፀሐይዋ ስትሄድ ቃጠሎውም አብሯት ይሄዳል፣ ሲመሽ ካርዱን እናወጣና ፀሐይ ምን ያህል እንደበራች ከጠባሳው እናነባለን። አባታችን ዕድሜ ልኩን ያነበበው ይኼንን ነው፤ አንቺ ደግሞ ዕድሜ ልክሽን «የጠንቋዩ ብርጭቆ» ስትይው ኖርሽ። የተቃጠለው ካርቶን ሽታ እስከ ጠረጴዛዬ ይመጣል። ልጅ ሆኜ ከሥራ ስትገባ ኮትህ የሚሸተኝ እንዲህ ነበር፤ አሁን የኔም ሹራብ እንደዚያ ይሸታል።

አንተ ግን በመጨረሻው ደብዳቤህ ሌላ ነው ያልከኝ። ሰማዩ አሁንም ወተት የተደፋበት ይመስላል፣ ፀሐይዋ ዙሪያዋን ቀለበት አላት፣ ስትጠልቅ ጠርዟ አይለይም፣ የዚያ የተረገመ ተራራ ጉም ገና አልወረደም አልክ። መስመሮቹ አንዱ አንዱ ላይ ወጥተው ነበር። በማስመሪያ የተሰመረ ይመስል የነበረው ጽሕፈትህ ቁልቁል ሄዶ ወረቀቱ ያለቀበት ቦታ ወድቋል። ያ እሳተ ገሞራ ከባሕር ማዶ ከፈነዳ እኮ አምስት ዓመት ሊሞላው ነው።

በመጀመሪያ አመንኩህ። ማን ነኝና ነው የማላምንህ? አንተ ስለ ሰማይ ተናግረህ ሳይሆን የቀረ ነገር እስከ አምና ድረስ አላውቅም ነበር። ልጅ ሆኜ፣ ገና ትምህርት ቤት የገባሁ ሰሞን፣ ያኔም ሌላ ተራራ ፈንድቶ ነበር። ሬዲዮው አንድ ሰሞን አወራለትና ተወው፤ የሩቅ አገር ነገር ነው፣ አመዱ ወደቀ፣ ሰው ሸሸ፣ በቃ። ሳምንታት አልፈው አንተ አንድ ማታ የዕለቱን ካርድ ይዘህ ቤት ገባህና ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠህ ዝም ብለህ አየኸው። ቀኑን ሙሉ አንዲት ደመና አልነበረችም። ቃጠሎው ግን ጠዋት ዘግይቶ ጀምሯል፣ ማታ ቀድሞ አቁሟል፣ መሐሉም ክር አክሏል። እማዬ በትከሻህ ላይ አጮልቃ አየችና «ኳሱን ሳትጠርገው ቀርተህ ይሆናላ» አለችህ። አንተ በሕይወትህ ስትቆጣት ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። «ኳሱን? እኔ? ኳሱን?» እያልክ ቤቱን ዞርከው። እማዬ ሳቋን ለመደበቅ ወደ ማድቤት ገባች፤ እዚያ ሆናም ይሰማ ነበር።

ከዚያ ለሰፈሩ ሁሉ ተናገርክ፤ የሚመጣው የሙቀት ወቅት ይበርዳል፣ ዝናቡም ቦታውን ይስታል፣ ችግኝ አትቸኩሉ አልክ። ሳቁብህ። ከዓለም ወዲያኛው ጫፍ ያለ ተራራ ለኛ ጓሮ ምን አገባው አሉ። ኮኩ ሲያብብ ውርጭ መጣና አበባውን አቃጠለው፤ የኛ ዛፍ ያን ዓመት አንዲት ፍሬ ሳይሰጥ ቀረ። ዳቦ ጋጋሪው ሳይቀር ቤታችን ድረስ መጥቶ ይቅርታ ጠየቀህ። ከዚያ ወዲያ አንተን ሳያማክር ጣሪያውን የሚያድስ ጎረቤት አልነበረም።

እዚያ እትዬ ሰፈርም ዝናህ ቀድሞህ ነው የገባው። አምና ጉሙ ስላልወረደ የሙቀቱ ወራት ብርድ ነው ብለህ ጎረቤቱን ሁሉ ብርድ ልብስ አስገዛህ። ፀጉር አስተካካዩ ደንበኞቹን እንዳይበርዳቸው ብሎ ምድጃ አስገባ አሉ። ከዚያ የመጣውን ሙቀት መቼም አልረሳኸውም። የእትዬ ባለቤት መኝታ ቤቱን ትቶ የመታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ ተኛ፤ ፀጉር አስተካካዩ አንተን ሲያይ ወደ ውስጥ መግባት ጀመረ። አንተ ኮትህን ደርበህ «ይኼ የጊዜው ነው፣ ያልፋል» አልክ። እኔ እዚህ ሆኜ ስሰማ እንደ እማዬ ወደ ማድቤት ገባሁ። አባዬ ቀልድ ጀመረ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።

ነገሩ የገባኝ በመንገድ መብራቱ ነው። ደብዳቤህ ሊያልቅ ሲል እንደ ዋዛ አክለህ፣ እትዬ ቤት ፊት ለፊት ያለው የመንገድ መብራት እንኳ ቀለበት አውጥቷል፣ ጉሙ ወደ መሬት ሳይጠጋ አልቀረም አልክ። አነበብኩና ቀና አልኩ። ደግሜ አነበብኩት። አባዬ፣ የፀሐይዋን ቀለበት እቀበላለሁ፤ ያኔ በልጅነቴ አንተው በአውራ ጣትህ ፀሐይዋን ከልለህ አሳይተኸኛል። የጨረቃዋንም እሺ ልበል። በመንገድ መብራት ዙሪያ ቀለበት የሚያወጣ እሳተ ገሞራ ግን የለም። ባንተና በፀሐይዋ መካከል ያ ሁሉ ሰማይ አለ፤ ባንተና በመብራቱ መካከል ያለው አንዲት ጠባብ መንገድ ናት። ቀለበቱ እዚያም እዚህም ካለ፣ ያለው ሰማዩ ላይ አይደለም። ከመብራቱ ወዲህ፣ አንተው ጋ ነው።

እትዬ፣ ድምፅሽ ቀጠነ መሰለኝ። ቀጥዪ።

በዚያው ቀን ለእትዬ ደወልኩላት። ገና «አባዬ ዓይኑ…» ስል አለቀሰች። አንተ እንዳትነግሪያት ብለህ ስላስማልካት እኔ እስክጠይቃት ስትጠብቅ ነበር የከረመችው። አትቆጣት፤ መሐላዋን አላፈረሰችም፣ እኔ ነኝ የጠየቅኋት። የፈላ ውኃ በኩባያው ፈንታ እጅህ ላይ እንደቀዳህ ነገረችኝ። የሰቀለችውን ሰማያዊ መጋረጃ «ይኼ ቡናማ ደስ ይላል» እንዳልካት፣ እሷም አዎ እንዳለችህ ነገረችኝ። እየዞረ የሚያክመው የዓይን ሐኪም ወደ እናንተ መጥቶ እንዳየህም ነገረችኝ፤ የዓይን ሞራ ነው፣ የሚወጣ ነገር ነው፣ ግን እየጠጠረ ስለሄደ ብርዱ ሳይገባ ይደረግ፣ ከዚያ ካለፈ ማውጣቱ ይከብዳል ብሏል። አንተም «ዶክተር፣ የኔ ዓይን ደህና ነው፤ የታመመው ሰማዩ ነው» ብለህ ኮፍያህን አድርገህ ወጣህ። ስትወጣ የሄድከው በቁም ሣጥኑ በኩል ነበር አለች፤ ሐኪሙ ነው ክንድህን ይዞ ወደ በሩ የመለሰህ። ስልኩን ዘግቼ ብዙ አለቀስኩ። ይኼንንም ብታውቀው ግድ የለኝም።

ከዚያ ተቀምጬ ሳስብ አንድ ብርጭቆ ትዝ አለኝ።

ያኔ ኮኩ ፍሬ የነሳን ዓመት፣ አመዱ እዚያው ከወደቀ እኛን ለምን ይበርደናል እያልኩ ስነዘንዝህ፣ ብርጭቆ ሙሉ ውኃ አመጣህ። ከግቢው ቆንጥረህ አሸዋ፣ ከእማዬ ዕቃ ማንኪያ ሙሉ ዱቄት ጨመርክና አማሰልከው። አሸዋው ወዲያው ታች ወረደ። ይኼ አመዱ ነው፣ ከተራራው ሳይርቅ ይወድቃል አልክ። ውኃው ግን ነጭ ሆኖ ቀረ። ይኼ ደግሞ ከተራራው ሆድ የወጣው የድኝ ጋዝ ነው፤ ከደመናው በላይ ወጥቶ ዝናብ የማያጥበው ቦታ ይደርሳል፣ እዚያ ከላብ የደቀቀ ጠብታ ይሆናል፣ ነፋሱ ዓለምን ያዞረዋል፣ ከፀሐይዋ ብርሃን ጥቂቱን ወደመጣበት ይመልሰዋል፣ ለዚህ ነው የበረደን አልክ። ብርጭቆውን መስኮቱ ላይ አስቀመጥነው። እማዬ ዱቄቱ መጉደሉን አይታ «ተራራው በኔ ዕቃ ነው የፈነዳው» ብላ ጮኸች። ጠዋት ስነቃ ውኃው ጠርቶ ከታች ነጭ ተኝቶ ነበር። እስከ መቼ ነው ሰማይ ላይ የሚቆየው ብልህ፣ ፀጉሬን እያሻሸህ የመለስክልኝን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፤ ሁለት ዓመት፣ ግትር ከሆነ ሦስት፣ ከዚያ በላይ እዚያ ቤት ሠርቶ የሚቀር የለም አልከኝ።

ይኼንን ያስተማርከኝ አንተ ነህ። ሌላ ምንም አልልም፤ ብርጭቆውን ላስታውስህ ብዬ ነው።

ሌላም ትዝ የሚለኝ አለ። ያን ዓመት የማታው ሰማይ ሐምራዊ ይሆን ነበር። ፀሐይዋ ከጠለቀች በኋላ ሰማዩ እንደገና ይቀላል፣ ከዚያ የበሰለ በለስ ቀለም ይይዛል። ይኼንን መመዝገብ አለብኝ ብለህ በየማታው የጣቢያው ቤት ደረጃ ላይ ትቀመጥ ነበር፤ እማዬም ሹራቧን ደርባ ከጎንህ ትቀመጣለች። ከዚያ በፊት አንድ ላይ ተቀምጣችሁ አይቼ አላውቅም። አንተ ሁልጊዜ ወይ ኳሱ ጋ ወይ ዝናብ መለኪያው ጋ ነበርክ። እማዬ አንድ ማታ «ተራራ ካልፈነዳ እኔ ጋ አይቀመጥም እኮ ይኼ ሰውዬ» ብላ በዓይኗ ጠቀሰችኝ። አንተ ሰምተሃል፤ ጆሮህ ሲቀላ አይቻለሁ። ጉሙ ወርዶ ሰማዩ ተራ ሰማይ ከሆነ በኋላም ደረጃው ላይ መቀመጣችሁን አልተዋችሁም። ምን ትመዘግባለህ ብዬ አልጠየቅሁህም።

ሁለተኛው፣ ያ የተረገምከው ተራራ ሲፈነዳ እኔ ካንተ ጋር ሥራ ገብቼ ነበር። የመጀመሪያውን ደብዛዛ ካርድ ያየነው አንድ ላይ ነው። እማዬ «ደግሞ መጣልኝ» ብላ ሹራቧን አወጣች። ጥቂት ማታ ብቻ ተቀመጣችሁ። ከዚያ ለሐሞት ጠጠሯ፣ ለዚያች ለትንሽ ነገር፣ ወደ ሆስፒታሉ ሄደች። በእግሯ ነው የገባችው፤ ቦርሳዋን ራሷ ይዛ። በሩ ላይ ዞራ ምጣዱን ከእሳቱ አውርደኸዋል ወይ ብላ ጠየቀችህ። ከዚያ በር አልወጣችም። ያን ማታ ሰማዩ እንደዚያ ሐምራዊ ሆኖ አያውቅም። ሁለታችን ግቢው ውስጥ ቆመን ነበር፤ እኔ ቀና ብዬ አየሁት፣ አንተ ጫማህን ነበር የምታየው።

ጡረታህን ጠይቀህ ወደ እትዬ የሄድከው ከዚያ በኋላ ነው። ወደዚህ ከተማ አልተመለስክም። እኔም ስለራሴ ልንገርህ። እኔ እስከ ዛሬ በዚያ ሕንፃ ፊት አላልፍም። ገበያ ስሄድ በጫማ ሰፊዎቹ መንገድ ዞሬ ነው የምሄደው፤ መንገዱ ይረዝማል፣ ጭቃም አለው። ሰው ሲጠይቀኝ ጫማ ላሳይ ነው እላለሁ። ለመዞሬ ምክንያት ሳጣ አላውቅም። እፈራለሁ አባዬ። ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው ሳይ እጄ ይቀዘቅዛል። ሰው ፈርቶ በሌላ ነገር ሲያመካኝ ሞኝ ነው አልለውም።

ስለዚህ ባለፈው ሳምንት የዕረፍት ቀኔን ወስጄ ምልከታ ወጣሁ። በከተማው ሌላ ዳር፣ ከዚያ ሕንፃ ሩቅ፣ ለዓይን ብቻ የሚያክም ክሊኒክ ተከፍቷል። ፎቅ የለውም፣ የሚያድር በሽተኛ የለውም። ግድግዳው ቢጫ ነው፤ እውነተኛ ቢጫ። ከበሩ ፊት ለፊት ከአንድ ዛፍ ሥር አግዳሚ ወንበር አለ። በሩ ሳይከፈት ደርሼ እዚያ ተቀመጥኩ። ማንንም አልጠየቅሁም። የሰማሽውን ተዪው፣ ያየሽውን ጻፊ ብለህ ነው ያሳደግከኝ። ያየሁት ይኸውልህ።

ሰማዩ የጠራ፣ ነፋሱ ቀላል። መጀመሪያ አንዲት አሮጊት የልጃቸውን ክንድ ይዘው ገቡ። አንድ ወፍራም ሰውዬ ከሚስቱ ጋር እየተጨቃጨቀ ገባ። ልብስ ሰፊ የሆነች ሴት፣ ሜትሩ ገና አንገቷ ላይ እንዳለ፣ ከጎረቤቷ ጋር ገባች። መጨረሻ ላይ አንድ ረጅም ሽማግሌ፣ ኮታቸው ያንተን የሚመስል፣ ብቻቸውን ግድግዳውን በእጃቸው እየዳሰሱ ገቡ። ከዚያ ሌላ ምንም የለም፤ እርግቦች፣ አንድ ብስክሌት።

ከቀትር በፊት አሮጊቷ ወጡ። አንድ ዓይናቸው በነጭ ተሸፍኗል፤ ልጃቸውን «አትጎትተኝ፣ በሬ ነኝ?» ይሉታል። ሰውዬው ወጣ፤ ጭቅጭቁ ካቆመበት ቀጥሏል። ልብስ ሰፊዋም ወጣች። ሽማግሌው ግን አልወጡም። ጠበቅሁ። ጥላው ከኔ ላይ ዞሮ ወንበሩን ለቀቀ። አንዲት ጽዳት ሠራተኛ ወለሉን እያጠበች ወደ በሩ መጣች። አንዲት ነርስ ቦርሳዋን አንግታ ወጣች። አባዬ፣ እጄ ቀዘቀዘ። ብድግ አልኩ፤ ወደ በሩ ልሂድ ወይ ልሽሽ አላውቅም ነበር። እንደቆምኩ ሽማግሌው ብቅ አሉ፤ ዓይናቸው ተሸፍኖ፣ ብስኩት እየበሉ። ለካ ሻይ ሰጥተዋቸው፣ ሳልጨርስ አልሄድም ብለው፣ ሁለተኛ ኩባያ አስቀድተው ስለ ጎረምሳነታቸው ሲያወሩላቸው ነው የቆዩት። ይኼንን ያወቅሁት ነርሷ ዞራ «አባባ፣ የቀረውን ነገ ይጨርሱልናል» ስትላቸው ነው።

የገቡትንና የወጡትን አንተ እንዳስተማርከኝ ሁለቴ ቆጠርኩ፤ እኩል ናቸው። የገቡት ሁሉ ወጡ አባዬ። በገቡበት በር።

በማግስቱ ሥራ ከመግባቴ በፊት ደግሞ ሄድኩ፤ አንድ ምልከታ አይበቃም የምትለው አንተ ነህ። አሮጊቷ ሽፋኑን አስነሥተው ሲወጡ ደረስኩ። በሩ ላይ ቆመው መጀመሪያ ዛፉን አዩ፣ ከዚያ ግድግዳውን፣ ከዚያ ልጃቸውን። ፊቱን በሁለት እጃቸው ይዘው «አንተ ልጅ፣ እንዲህ ሸብተሃል?» አሉት። እሱም «ቆየ እኮ እማዬ» አላቸው። እኔ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ሰው እስኪያየኝ ድረስ አለቀስኩ።

አሁን እትዬ፣ ንባቡን አቁሚና ፖስታው ውስጥ ያሉትን ሁለት ካርዶች እጁ ላይ አድርጊለት። አታሳዪው፤ በጣቱ ይንካቸው። አባዬ፣ አንዱ እማዬ የሄደችበት ዓመት ካርድ ነው፤ ሰማዩ ደመና የሌለበት ቀን። ጣትህን በመሐሉ ውሰደው፤ ለስላሳ ነው፣ ፀሐይዋ ላዩን ብቻ ነው የጠበሰችው። ሌላው ያለፈው ሳምንት ነው፤ ክሊኒኩ በር ላይ የተቀመጥኩበት ቀን። ኳሱ ካርዱን ከዳር እስከ ዳር በስቶታል፤ ጥፍርህ ይገባል። ይኼንን ጠባሳ ከኔ በተሻለ ታነበዋለህ፣ ለማንበቡም ዓይን አያስፈልግህም። ጉሙ ወርዷል አባዬ። ሰማይ ላይ የቀረ ነገር የለም።

አለቃችን የድሮውን ካርድ ከመዝገብ ቤቱ እንዳወጣው የፈቀደልኝ በአንድ ውል ነው፤ የጣቢያ ንብረት ስለሆነ ወደቦታው መመለስ አለበት። በፖስታ ቤት መመለሱን አልወደደውም። ተመልካቹ ራሱ ይዞት ይምጣ ብሏል። እኔ አይደለሁም ያልኩት፤ አለቃ ነው፣ ትእዛዝ ነው።

ክፍልህ ተዘጋጅቷል። አልጋህን ከመስኮቱ አጠገብ አድርጌዋለሁ። የክሊኒኩን ቀን እኔ እይዛለሁ፤ አብሬህ እገባለሁ፣ እጄ ቢቀዘቅዝም አብሬህ እገባለሁ፣ ሻይህን ጨርሰህ እስክትወጣ ከጎንህ አልነቃነቅም። ያንተ እጅ ከቀዘቀዘ ደግሞ ሁለታችንም በርዶን ነው እንላለን፤ ማን ይጠይቀናል?

ኮኩ ዘንድሮ ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ አፍርቷል። ደረጃውን ጠርጌዋለሁ፤ ያንተን ቦታም የእማዬንም። አሁን የምትጠልቀው ፀሐይ ተራ ፀሐይ ናት፤ ሐምራዊ የላትም፣ ቀለበት የላትም። እማዬ ብትኖር «ይኼ ደግሞ ምኑ ይታያል» ብላም ቢሆን ቁጭ ባለች። መጥተህ ጠርዟን እንድታየው እፈልጋለሁ። ደግሞም የዛሬ ስንት ዓመት ጠረጴዛው ላይ በትከሻህ አጮልቃ ምን እንዳለችህ ታስታውሳለህ። ያን ቀን ተሳስታ ነበር፤ ኳሱ ንጹሕ ነበር። አሁን ግን እውነቷን ነው አባዬ። ና እንጥረገው።

መንገድህን የቀና ያድርግልህ። ዕድሜህን ከዓይንህ ጋር፣ ጤናህን ከሳቅህ ጋር ይስጥልኝ። እትዬን፣ ባለቤቷንና ልጆቹን ሳምልኝ፤ ለፀጉር አስተካካዩም ምድጃውን እንዳይሸጠው ንገሩልኝ፣ እውነተኛው ብርድ እየመጣ ነው።

እጅህን፣ የተቃጠለውን በኩል፣ ስሜያለሁ።

ታናሿ ልጅህ፣
ኳስህን የምትጠብቀው

ይድረስ ለእትዬ፤ ክሊኒኩ ጋ ያለውን ስታነቢ እንደማይሆንልሽ አውቃለሁ። ውኃ ጠጪና ተመለሺ። «የገቡት ሁሉ ወጡ» የሚለውን መስመር ደግመሽ አንብቢለት፤ ካላቋረጠሽ ደግሞ ሦስተኛ።